ገቢ ያልሆነ ማመልከቻ

በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ መረጃ ለጠየቀኝ ሰው «አንሰጥም» የሚል ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ማንንም አመናጭቄ አላስወጣሁም፤ ከባለጉዳይ ጋርም ተጣልቼ አላውቅም። ይህን እንደ መልካም ሥራዬ እቆጥረው ነበር። ዛሬ የምናዘዘው ግን ስለዚያው ስላልጻፍኩት ደብዳቤ ነው። በግልጽ ከልክዬ፣ ፈርሜና ማህተም አድርጌ ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ አንድ አዛውንት ገበሬ ይዘውት የሚከራከሩበት ወረቀት በእጃቸው ይገባ ነበር። እኔ የሰጠኋቸው ቀጠሮ ብቻ ነው።

ሕጉን አላውቅም ነበር ልል አልችልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 29 ደግሞ መረጃ የመሻትና የመቀበል ነፃነትን ያረጋግጣል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ይህንን ወደ ጠረጴዛ አወረደው። ያ ጠረጴዛ የእኔ ነበር፤ አዋጁ ጥያቄ የመቀበሉንና የመመለሱን ሥራ በስም ጠርቶ የሰጠው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነውና። ማንም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለ መረጃ መጠየቅ ይችላል፤ ለምን እንደፈለገው ምክንያት እንዲያቀርብ አይገደድም። መጻፍ የማይችል ከሆነ በቃሉ ይናገራል፣ ኃላፊው ይጽፍለታል። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። የሚከለከል ነገር ካለም የተከለከለበት ምክንያትና ድንጋጌ ተጠቅሶ፣ ይግባኝ የት እንደሚባል ጭምር ተነግሮት በጽሑፍ ይከለከላል። ከዚያ ሰውየው መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት አቤት ይላል። በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ሲወጣ ፕሬሱን የሚመለከተው ክፍል ተተካ እንጂ መረጃ የማግኘቱ ክፍል ባለበት ጸንቷል።

ይህን ሁሉ ተምሬዋለሁ። አሠልጣኛችን የጀመረው ከስዊድን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1766 በዓለም የመጀመሪያው የመረጃ ሕግ ወጣ፤ እኛ ዘንድ ዘመነ መሳፍንት ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ማለት ነው። ከሥልጠናው ያገኘሁትን ምስክር ወረቀት በፍሬም አስገብቼ ከወንበሬ ጀርባ ሰቀልኩት። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 የሚከበረው መረጃ የማግኘት ዓለም አቀፍ ቀን ሲመጣም በበራችን ላይ የሚሰቀለውን ባነር የማሠራው እኔ ነበርኩ።

ያ ሁሉ የመብት ሰንሰለት ግን የሚጀምረው ከአንድ ትንሽ ነገር ነው፦ ከገቢ ቁጥር። በመንግሥት ቢሮ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ማመልከቻ መዝገብ ቤት ሲደርስ ሠራተኛዋ ትልቁን መዝገብ ትከፍትና የላኪውን ስም፣ ቀኑን፣ ጉዳዩን፣ የአባሪውን ብዛት ትጽፋለች፤ ተራ ቁጥር ትሰጠዋለች፤ የገቢ ማህተሙን በዋናው ላይ ትመታለች፤ ባለጉዳዩ ቅጂ ይዞ ከመጣም ያንኑ ቁጥር በቅጂው ላይ ታሰፍርለታለች። ሠላሳው ቀን የሚቆጠረው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነው። ይግባኝ ሲባል «መቼ ጠየቅህ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያ ቁጥር ነው። ቁጥር የሌለው ማመልከቻ አልዘገየም፣ አልተከለከለም፤ በመንግሥት ዓይን አልተጠየቀም።

እኔ ይህን አውቄ ሰዎችን ከመዝገብ ቤት ደጃፍ እመልስ ነበር። «እዚያ አይሰለፉ፤ ለእኔ ይስጡኝ፤ ራሴ እከታተልልዎታለሁ» እላቸዋለሁ። ደስ ይላቸዋል። አንዳንዶቹ መርቀውኝ ይሄዳሉ። ማመልከቻውን መሳቢያዬ ውስጥ አስገባለሁ፤ የበላይ ኃላፊው ከፈቀዱ መረጃውን እሰጣለሁ፤ ካልፈቀዱ ሰውየው እስኪሰለች ድረስ «ነገ»፣ «ሰኞ»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» እያልኩ አመላልሰዋለሁ። ብዙው ሰው ይሰለቻል። በየሩብ ዓመቱ በምናቀርበው ሪፖርት ላይ «የቀረቡ የመረጃ ጥያቄዎች» እና «ምላሽ ያገኙ» የሚሉት ሁለት ዓምዶች ሁልጊዜ እኩል ነበሩ።

እኒያ ገበሬ የመጡት ከከተማው ዳር ነው። ይዞታቸው ለከተማው ማስፋፊያ ተወስዷል። በአንድ ፌስታል ውስጥ አረንጓዴውን የይዞታ ደብተራቸውንና የካሳ ማሳወቂያ ደብዳቤ ይዘዋል፤ ደብዳቤው ላይ ጠቅላላ የብር መጠን ብቻ ሰፍሯል እንጂ እንዴት እንደተሠላ አይናገርም። ራፖር ጸሐፊ ያጻፉትን ማመልከቻ አወጡና በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ካሳዬ የተሠላበት ዝርዝር ቅጂ ይሰጠኝ። አንብቤ ቀና ስል እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ጨምሩልኝ አላልኩም። እንዴት አድርጋችሁ እንደቆጠራችሁት አሳዩኝ ነው የምለው።»

ቁጭ አድርጌያቸው አዋጁን ገለጥኩ። ለመከልከል የሚያስችል ነገር እየፈለግሁ መሆኑን ዛሬ አልደብቅም። መከላከያ፣ ደኅንነት፣ የውጭ ግንኙነት፣ የካቢኔ ሰነድ፣ የሦስተኛ ወገን የንግድ ምሥጢር፣ የሌላ ሰው የግል መረጃ... አንዱም አይገጥምም። የሚጠይቁት ስለ ራሳቸው መሬት፣ ስለ ራሳቸው ካሳ ነው። ለሚመለከተው ክፍል ስደውል ባለሙያው «ለአንዱ ከከፈትን ነገ ሁሉም ይመጣብናል» አለኝ። ኃላፊውም «ትንሽ አቆየው» አሉ። ስለዚህ የምጽፈው የክልከላ ደብዳቤ አልነበረም፤ የምጠቅሰው አንቀጽ የለኝምና። ማመልከቻውን መሳቢያዬ ውስጥ አስገባሁት። «ይሂዱ አባቴ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ብቅ ይበሉ» አልኳቸው። እሳቸውም «እግዜር ይስጥልኝ» ብለውኝ ወጡ።

በሚቀጥለው ሳምንት መጡ። በሚቀጥለውም።

በዚህ መሐል ሌላ ሠላሳ ቀን እየቆጠረ ነበር። በመሬት ማስለቀቅና ካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት መሬቱ እንዲለቀቅ የተወሰነበት ሰው ቅሬታ ካለው ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ማቅረብ አለበት። ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሚያይ ሰው አደጋው ግልጽ ነው። እኔ ሕጉን አክብሬ በመጨረሻው ቀን መልስ ብሰጥ እንኳ የእሳቸው ጊዜ አልቆ ይቆየኝ ነበር። ይህ የእኔ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ ሕጎቹ ሲወጡ ማንም አገናኝቶ ያያቸው አይመስለኝም። ለአቤቱታ የሚያስፈልግ መረጃ ሲጠየቅ መልሱ በቀናት ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ወይም መረጃው እስኪሰጥ የአቤቱታው ጊዜ መቆም አለበት። በሕንድ ሕግ የሰው ሕይወትንና ነፃነትን የሚነካ ጥያቄ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲመለስ ተደንግጓል። ከመሬቱ ለሚነሳ ገበሬም እንዲህ ያለ አጭር ጊዜ ያስፈልገዋል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ይህን ማለቴ ከጥፋቴ ላይ አንዲት ነገር አይቀንስልኝም፤ እኔ ሠላሳውን ቀን እንኳ አላስጀመርኩትም።

የካሳ ስሌቱን ቅጽ ያየሁት በአጋጣሚ ነው፤ ለመጽሔታችን የፕሮጀክቱን ታሪክ ልጽፍ ፋይሉን አስወጥቼ ሳገላብጥ። የእሳቸው ስም ዓይኔ ውስጥ ገባ። የካሳው አዋጅ በዘላቂነት ለሚነሳ የገጠር ባለይዞታ የሚሰጠው የልማት ተነሺ ካሳ ከመነሳቱ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ በአሥራ አምስት እንዲባዛ ያዛል። ቅጹ ላይም ለሦስቱ ዓመታት ሦስት ዓምዶች ነበሩ። የተሞላው አንዱ ብቻ ነው፤ የመጨረሻው። ሁለቱ ባዶ ናቸው።

የእኚያ ሰው መሬት መረሬ ነው። በመረሬ ላይ የሚያርስ ሰው አንድ ዓመት ጤፍ ከዘራ በሚቀጥለው ጓያ ወይም ሽምብራ ጣል አድርጎ መሬቱን ያሳርፋል። የተሞላው ዓመት የጓያው ዓመት ነበር። የጤፉ ዓመት ባዶ ከቀሩት ዓምዶች በአንዱ ውስጥ ነበር። በዓመታዊ ገቢው ላይ የጎደለች እያንዳንዷ ሺህ ብር በካሳው ላይ አሥራ አምስት ሺህ ሆና ትጎድላለች። ይህን ለማየት የሒሳብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። እኚያ ገበሬ ቅጹን ለአንዲት ደቂቃ ቢያዩት፣ ወይም ያስተማሩት ልጃቸው ቢያነብላቸው «ይህ የጓያው ዓመት ነው፣ ጤፉ የታለ?» ይሉ ነበር። አቤቱታው አንድ መስመር ይበቃው ነበር።

ፋይሉን ዘጋሁት። ለማንም አልተናገርኩም። ይህ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው፤ ከመጀመሪያው የሚብስ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም መጀመሪያ ላይ ወረቀቱ ምን እንደያዘ አላውቅም ነበር።

ሦስተኛውም አለ። እሳቸው ዝርዝሩን ሳያገኙ፣ «ካሳዬ አንሶኛል» የምትል ባዶ አቤቱታ አስጽፈው፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ አቀረቡ። ዘግይቷል ተባሉ። «መረጃ ጠይቄ ስመላለስ ነው የዘገየሁት» ሲሉ፣ «እንግዲያው የጠየቁበትን ቁጥር ያምጡ» አሏቸው። ወደ እኔ ተመለሱ። የዚያን ቀን የመጡት ዝርዝሩን ፈልገው አልነበረም።

«ልጄ፣ ቁጥሩን ስጠኝ።»

«የምን ቁጥር አባቴ?»

«ያን ጊዜ የሰጠሁህ ማመልከቻ ቁጥር። የሰጠሁበት ቀን ያለበት።»

ያን ቀን ማድረግ የምችለው ነገር ነበር። ማመልከቻውን በዚህ ቀን ተቀብዬ ሳላስመዘግበው ቀርቻለሁ የሚል ደብዳቤ መጻፍ እችል ነበር። ግፋ ቢል ማስጠንቀቂያ ይሰጠኝ ይሆናል፤ ከደመወዜም ይቆረጥ ይሆናል። እኔ ግን «መዝገብ ቤት ይጠይቁ፤ እኛ ጋ ገቢ የሆነ ነገር የለም» አልኳቸው። ቃል በቃል ሲታይ እውነት ነው። ገቢ እንዳይሆን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ዝም ብለው ቆዩና በዱላቸው ጫፍ ወደ ጠረጴዛዬ አመለከቱ። «እዚያ ውስጥ አይደለም ያስገባኸው?» አሉኝ። እዚያው ውስጥ ነበር። «ተሳስተው ይሆናል አባቴ» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ አልመጡም።

ለምን አደረግሁት? ጉቦ አልበላሁም፤ ሰውየውን አልጠላኋቸውም፤ ካሳው ቢጨመርላቸው ከኪሴ የሚጎድል ነገር አልነበረም። የፈራሁት ኃላፊውን ነው። «ይህን ወረቀት ማን አወጣው?» የሚለውን ጥያቄ ነው የፈራሁት። በቢሯችን ወረቀት ባለማውጣቱ የተጠየቀ ሰው አላውቅም፤ በማውጣቱ የተጠየቀ ግን አውቃለሁ። ደግሞም የእኔ ሥራ ሲመዘን የሚመዘነው በገጽታ ግንባታ ነበር፤ ስንት ዜና ሠራህ፣ ስንት ጊዜ በቴሌቪዥን አስቀረብክ ይባላል። የመሥሪያ ቤቱን ገጽታ እንዲያሳምር የተቀጠረን ሰው የመሥሪያ ቤቱን ስሕተት የሚያሳይ ወረቀት እንዲያወጣ ማዘዝ ከባድ ነገር ነው። ሕጉ መረጃ የሚሰጠውን ሰው ከዚህ ሥራ ነጥሎ፣ ለብቻው ቢያቆመው ይሻል ነበር ብዬ አስባለሁ። ይህ ግን ለሕግ አውጪው የምለው ነው። እኚያ ሰው ፊቴ ቆመው ቁጥር ሲጠይቁኝ የትኛውም አዋጅ አፌን አልያዘውም።

ሥራውን ከለቀቅሁ በኋላ ስለ መረጃ ሕጎች ማንበብ ቀጠልኩ፤ እንዲያውም ያኔ ነው በቅጡ ያነበብኩት። የሕንዱን እ.ኤ.አ. የ2005 ሕግ ያስገኙት ጠበቆችና ጋዜጠኞች ብቻ እንዳይደሉ ሳነብ ልቤ ተነካ። ነገሩ የጀመረው በራጃስታን ገጠር ነው። እነ አሩና ሮይ እ.ኤ.አ. በ1990 ከሠራተኞችና ከገበሬዎች ጋር አንድ ማኅበር አቋቋሙ። በመንግሥት የመንገድና የግድብ ሥራ ላይ የሚውሉ የቀን ሠራተኞች ደመወዛቸው ይቆረጥባቸው ነበርና የጠየቁት ነገር የእኚያን ገበሬ ጥያቄ ይመስላል፦ የተጻፈብንን አሳዩን። ከ1994 ጀምሮ መንደርተኛውን ሰብስበው የክፍያ ዝርዝሩን ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር። የሞቱ ሰዎች ደመወዝ ሲቀበሉ፣ ያልተሠራ ሥራ «ተጠናቀቀ» ተብሎ ሲወራረድ ሰው በጆሮው ሰማ። ያን ያደረገው የስም ዝርዝርና የብር መጠን የያዘ ተራ ወረቀት ነው። በእኔ መሳቢያ የነበረው ማመልከቻ ይጠይቅ የነበረውም እንዲህ ያለውን ወረቀት ነው።

የቀድሞው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌርም በዚህ ጉዳይ ላይ ጸጸታቸውን ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 መንግሥታቸው የመረጃ ነፃነት ሕግ አወጣ፤ በ2010 በታተመው የሕይወት ታሪካቸው ግን ሕጉን በማውጣታቸው ክፉኛ እንደተጸጸቱ ገልጸዋል። መንግሥት ውስጥ ያሉ ሰዎች በነፃነት ተማክረው እንዳይወስኑ ያደርጋል፣ ጋዜጠኞችም እንደ መሣሪያ ይጠቀሙበታል የሚል ነው ክርክራቸው። በትልቅ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እንዲህ ቢያስብ ይገባኛል፤ የካቢኔ ምክክር የሚጠበቅበት ምክንያት እንዳለም አምናለሁ፤ የእኛም አዋጅ ይጠብቀዋል። ነገር ግን እኔ ከታች፣ ከመዝገብ ቤቱ አጠገብ ሆኜ ያየሁት ሌላ ነው። በዓመታት ሥራዬ የካቢኔ ምሥጢር የጠየቀኝ ሰው አልገጠመኝም። የሚጠየቀው የካሳ ስሌት፣ የቦታ ልኬት፣ የቤት ድልድል ዝርዝር፣ «ስሜ ለምን ተሰረዘ» የሚል ነበር። ሰው የሚፈልገው ስለ ራሱ ኑሮ የተጻፈውን ነው።

ይህን ለሚያነብ ባለጉዳይ፣ ቢሮ ውስጥ እንደነበረ ሰው አንድ ነገር ልናገር። ማመልከቻዎን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ። የፈለገ ትሁት ሰው «ለእኔ ይስጡኝ» ቢልዎት አመስግነው መዝገብ ቤት ይግቡ። በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቁጥሩና ቀኑ ሳይሰፍር፣ ማህተሙ ሳያርፍበት ከግቢ አይውጡ። መረጃው የማይሰጥ ከሆነም የማይሰጥበትን ምክንያት በጽሑፍ ይጠይቁ። ክልከላው ራሱ መብትዎ ነው፤ ይግባኝ የሚባለው በእሱ ላይ ነው።

በቅርቡ እኚያን ሰው ፈልጌ ቤታቸው ሄድኩ። ካሳው ለልጆች ተከፋፍሎ አልቋል። እሳቸው ከወንድ ልጃቸው ጋር ከተማ ውስጥ ተከራይተው ይኖራሉ። ገና ሲያዩኝ አወቁኝ። ተቀመጥ አሉኝ፤ ቡና ተፈላ። የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ነገርኳቸው፤ ባዶ የቀሩትን ሁለት ዓምዶችም ጭምር። ጓያ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ወደ ልጃቸው ዞረው «አላልኩህም?» አሉት። ከዚያ ተነሥቼ ጉልበታቸውን ይዤ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

«ተነስ» አሉኝ። «ይቅርታውን እግዜር ይሰጥሃል። ለእኔ ግን ወረቀቱን ስጠኝ።»

ወረቀቱ በእጄ የለም፤ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ነው። በእጄ የነበረውን ሰጠኋቸው፦ ማመልከቻቸውን በየትኛው ወር እንደተቀበልኩ፣ እንዳላስመዘገብኩት፣ ቁጥር ሲጠይቁኝም እንደዋሸሁ የሚናገር፣ በፊርማዬ የተረጋገጠ ቃል። ልጃቸው አነበበውና ሁለተኛ ቅጂ እንድፈርም አደረገኝ። አቤቱታ ሰሚው የዘገየውን ጉዳይ እንደገና ይክፈተው አይክፈተው ለማወቅ ጠበቃ አማክረናል፤ ቀላል አይደለም ብሎናል።

በማግሥቱ ልጃቸው በአባቱ ስም አዲስ ማመልከቻ ጻፈ፤ አሁንም የሚጠይቀው ያንኑ ዝርዝር ነው። አብሬው ሄድኩ። በድሮ ቢሮዬ በር አልፈን መዝገብ ቤት ገባን። ሠራተኛዋ አውቃኝ ሰላም አለችኝ፤ መዝገቡን ከፍታ ቁጥር ሰጠችው፤ በቅጂውም ላይ ማህተም መታችበት። ሠላሳው ቀን ገና አልሞላም። መልስ እየጠበቅን ነው።